ቴምብርና ደብዳቤ

ወደ ውጭ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ወዳጅ ዘመዱ ተሰብስቦ «ምን አየህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሕንፃው ከፍታ፥ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ገበያው ብዛት ነው። ይህም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ለቤተሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ ላይ የሕንፃ ቁመት መናገር ለአንባቢዎቻችን እምብዛም የሚጠቅም ስላልመሰለኝ፥ በሎንዶን ከተማ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በመጠን እጅግ የሚያንሰውን፥ ይኸውም ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የሚበልጠውን ቴምብርን ለዛሬው ጽሑፌ መርጫለሁ። ስለ ውጭ አገር በምናገርበት ስፍራ ሁሉ ዓመቱ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቤቱ የሎንዶን የፖስታ ቤተ መዘክር ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2017 ሲሆን፥ የሚገኘውም ማውንት ፕሌዛንት ከሚባለው ትልቅ የፖስታ መለያ ቤት አጠገብ ነው። ማውንት ፕሌዛንት ማለት ደስ የሚያሰኝ ተራራ ማለት ነው። ዳሩ ግን ተራራ የሚባል አላየሁበትም፤ መለያ ቤቱም የተሠራው በቀድሞ ዘመን ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ስለ ሆነ፥ ደስታው የማን እንደ ነበረ ስሙን ያወጣው ሰው ያውቃል። አብራኝ የሄደችው በዚያው በሎንዶን ተወልዳ ያደገችው የወንድሜ ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ 11 ዓመት ነው፤ አማርኛ አጥርታ ትናገራለች፥ ፊደልም ቈጥራለች፤ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በስሟ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሷት አያውቅም ነበር።

ልጆች አስቀድመው የሚሮጡት ወደ ባቡሩ ነው። ይህ ባቡር ድሮ ሰው የሚጫንበት አልነበረም። የሎንዶን መንገድ በሠረገላና በአውቶሞቢል ተጨናንቆ ደብዳቤ ማዘግየት ስለ ጀመረ፥ እንግሊዞች ከመሬት በታች 21 ሜትር ያህል ቈፍረው ከፓዲንግተን እስከ ኋይትቻፕል ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ነጂ የሌለው፥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ ትንሽ ባቡርም ከ1927 እስከ 2003 ድረስ ደብዳቤና ጥቅል ብቻ ሲያመላልስበት ኖረ። ዋሻው ተቈፍሮ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ደረሰ፥ ከአየር የሚወረወር ቦምብ እንዳያጠፋቸው የአገሪቱ የከበሩ ሥዕሎች በዚያ ተሸሽገው ነበር። ዛሬ ጎብኝዎች ይሳፈሩበታል። መቀመጫው ለደብዳቤ ከረጢት በተሠራ መጠን ስለ ሆነ፥ እንደ እኔ ቁመተ ረጅም የሆነ ሰው ጉልበቱን ከአገጩ ጋራ አገናኝቶ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ስለ ባቡሩ ይህ ይበቃል።

መንገዱን ተሻግረን ወደ ዋናው ቤት በገባን ጊዜ ግን ልቤን የሳበው የቀድሞው የፖስታ ሥርዓት ነው። ቴምብር የሌለበትን ዘመን ዛሬ ማሰብ ያስቸግራል። በ1784 ጆን ፓልመር የተባሉ የባዝ ከተማ ሰው መልእክት የሚያደርስ ፈጣን ሠረገላ አቋቋሙ፤ ጠመንጃ የታጠቀና ሰዓት የያዘ ዘበኛም በኋላው ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። ዘበኛው መለከቱን በነፋ ጊዜ የኬላው ጠባቂ በሩን ከፍቶ ያሳልፈዋል እንጂ ቀረጥ አይጠይቀውም። መጓጓዣው እንዲህ የተስተካከለ ሲሆን አከፋፈሉ ግን ሕዝቡን እጅግ ያስጨንቅ ነበር።

ይኸውም ብዙውን ጊዜ የደብዳቤን ዋጋ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ስለ ነበረ ነው። ዋጋው የሚታሰበው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነው። ከሎንዶን ወደ ኤዲንበርግ የሚሄድ ባለ አንድ ሉክ ደብዳቤ ከአንድ ሽልንግ በላይ ያስከፍል ነበርና፥ ለአንድ የእርሻ ሠራተኛ የቀን ደመወዙን አብዛኛውን ክፍል ይወስድበታል። ሁለት ሉክ ከሆነ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ኤንቨሎፕም ራሱ እንደ አንድ ሉክ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ሰዎች የጻፉበትን ወረቀት አጥፈው በሰም ያትሙታል፤ አድራሻውንም በጀርባው ይጽፉበታል። አንዳንዶቹም ገጹን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም ደግመው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም፤ ግን ከእናቱ የመጣ ከሆነ ሰው ምን የማያነበው አለ?

ስለዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኮልሪጅ የተባሉት ባለቅኔ በሰሜን እንግሊዝ ሲዘዋወሩ፥ ፖስተኛ ለአንዲት ሴት ደብዳቤ አምጥቶ አንድ ሽልንግ ሲጠይቃት አዩ። ሴቲቱ ደብዳቤውን አገላብጣ ከተመለከተችው በኋላ የምከፍለው የለኝም ብላ መለሰችለት። ባለቅኔው አዝነው፥ እርስዋ እየተከላከለቻቸው፥ ገንዘቡን ከፈሉላት። ፖስተኛው ከሄደ በኋላ ሴቲቱ ደብዳቤውን ከፍታ አሳየቻቸው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ለካ ከወንድሟ ጋራ የተዋዋሉት፥ እርሱ ደኅና የሆነ እንደ ሆነ ባዶ ወረቀት አጥፎ አድራሻዋን በእጁ ጽፎ እንዲልክላት፥ እርስዋም ጽሕፈቱን አይታ ደኅንነቱን ከተረዳች በኋላ ሳትከፍል እንድትመልሰው ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ስለ መንግሥት ገቢ መጉደል አላስብም። የማስበው ስለዚያ ወንድምና እኅት ነው፤ «ደኅና ነኝ» ከሚለው ቃል በቀር ለዓመታት ሌላ ነገር ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ይሁን እንጂ ዋጋው በሁሉ ላይ እኩል አልከበደም። የመሳፍንቱ ምክር ቤትና የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት አባሎች በደብዳቤው ጀርባ ስማቸውን ከፈረሙበት ያለ ዋጋ ይደርስላቸው ነበር። ወዳጆቻቸውና አሽከሮቻቸውም ፊርማቸውን እየለመኑ በዚያ መብት ይጠቀሙ ነበር። መክፈል የሚችለው በነጻ ሲልክ፥ የባለመብቱን መንገድ ወጪ የሚሸፍነው መክፈል የማይችለው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት የለወጠው የፖስታ ቤት ሹም አልነበረም። ሚስተር ሮውላንድ ሂል የመምህር ልጅ፥ ራሳቸውም መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። በ1837 ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ፖስታ ቤቱ ገንዘቡን የሚያጠፋበትን ነገር አንድ በአንድ መርምረው፥ አንድን ደብዳቤ ከሎንዶን ወደ ኤዲንበርግ ለማጓጓዝ ብቻ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን አስረዱ። የቀረው ገንዘብ የሚጠፋው ርቀት ለማስላት፥ ወረቀቱ አንድ ወይም ሁለት መሆኑን በሻማ ብርሃን ለመመርመር፥ በየደጃፉም ቆሞ ሳንቲም ለመሰብሰብ ነበር። ስለዚህ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፥ ዋጋውም ቅርብ ሩቅ ሳይባል በአገሪቱ ሁሉ አንድ ፔኒ ይሁን ብለው አሳሰቡ። የዚያን ጊዜ የፖስታ ሚኒስትር ሎርድ ሊችፊልድ የሕልም ሐሳብ ነው ብለው ተቃወሟቸው። ነጋዴዎችና ሕዝቡ ግን አቤቱታቸውን በብዛት ለፓርላማ ስላቀረቡ ሕጉ ወጣ፤ ከጃንዋሪ 10 ቀን 1840 ጀምሮም እስከ 14 ግራም ድረስ የሚመዝን ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መሄድ ጀመረ። በዚያው ጊዜ የመሳፍንቱና የእንደራሴዎቹ በነጻ የመላክ መብት ተሻረ፤ ንግሥት ቪክቶርያም የራሳቸውን መብት ተዉ። ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች መብቱን የሚያጡት ራሳቸው እንደ ነበሩ ክቡራን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልኝ።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ አንባቢ የሚስተር ሂልን መጨረሻ ለማወቅ ይወድ ይሆናል። ዋጋው በመቀነሱ የመንግሥት ገቢ በመጀመሪያ እጅግ ጐደለ፤ እስኪያገግምም ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሚስተር ሂል በ1842 ከሥራቸው ተሰናበቱ። በ1846 ግን ተመልሰው ወደ ሥራ ገቡ፤ ከ1854 እስከ 1864 ድረስ የፖስታ ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1860 የሰርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1879 ሲሞቱም ብዙ የእንግሊዝ ነገሥታት በተቀበሩበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመኘው የመጀመሪያው ቴምብር ለሽያጭ የቀረበው በሜይ 1 ቀን 1840 ሲሆን፥ በሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው ከሜይ 6 ቀን ጀምሮ ነው። ቀለሙ ጥቁር ነው፤ የንግሥት ቪክቶርያን ወጣትነት መልክ በጎን ያሳያል፤ መልኩም የተወሰደው ዊልያም ዋዮን በ1837 ከሠሩት ሜዳልያ ነው። የአገር ስም አልተጻፈበትም። ሌላ ቴምብር የሚያወጣ አገር ስላልነበረ ማን ነህ የሚለው አልነበረምና፥ እንግሊዝ እስከ ዛሬ ድረስ በቴምብሯ ላይ የንጉሥን መልክ እንጂ ስሟን አትጽፍም። በአንድ ሉክ ላይ 240 ቴምብሮች ይታተማሉ፤ በዚያ ዘመን 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ስለ ነበረ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለመቅደጃ የሚሆን ቀዳዳ አልነበረውምና ሻጩ በመቀስ እየቈረጠ ይሰጣል። ከታች በግራና በቀኝ ማዕዘን ያሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ቴምብሩ በሉኩ ላይ የነበረበትን ቦታ ያመለክታሉ። እንደዚህ ሆኖ ከ68 ሚሊዮን በላይ ታተመ። ዳሩ ግን ፖስታ ቤቱ ያገለገለውን ቴምብር የሚያትምበት ቀይ ቀለም እየታጠበ ስለ ለቀቀ፥ ብልጥ የሆነ ሁሉ አንዱን ቴምብር ሁለት ጊዜ ይጠቀምበት ጀመር። ስለዚህ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1841፥ ቴምብሩ ቀይ፥ የማኅተሙ ቀለምም ጥቁር እንዲሆን ተደረገ።

በ1839 በእንግሊዝ አገር የተላከው ደብዳቤ 76 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1840 ግን 169 ሚሊዮን ያህል ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሰው ወሬ በእጥፍ አልጨመረም፤ ሊነገር ሲገባው በልብ ውስጥ ታፍኖ የኖረው ነገር መንገድ አገኘ እንጂ። ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ግን የደጃፉ ነገር ይመስለኛል። አስቀድሞ ፖስተኛ ሲመጣ ዕዳ ይዞ የሚመጣ ነበር፤ እናት የልጅዋን ደብዳቤ ለመቀበል ከጎረቤት ትበደር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ደብዳቤ ስጦታ ሆነ፤ የላከው ሰው ከፍሎበታል። በመንገድ ዳር የሚቆመው የብረት የደብዳቤ ሣጥንም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1852 በጀርሲ ደሴት መጀመሪያ ያስተከሉት የፖስታ ቤት ሹምና የልብ ወለድ ደራሲ የነበሩት አንቶኒ ትሮሎፕ ናቸው። እኚህ ሰው ከጻፏቸው ልብ ወለዶች በአንዱ ውስጥ ደብዳቤዋን ለብረት ሣጥን አላምንም የምትል አንዲት አሮጊት እመቤት አስገብተዋል፤ በራሳቸው ሥራ መሳቅ የሚችል ሹም መኖሩ ደስ ያሰኛል።

በጥቁሩ ቴምብር ፊት ቆመን ሳለን የወንድሜ ልጅ፥ «አጎቴ፥ እነዚህ ሁሉ ለማን ተላኩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እነዚህ አልተላኩም፤ ከማተሚያ ቤት እንደ ወጡ የተቀመጡ ናቸው» አልኋት።

«ታዲያ ምንም አልሠሩማ!» አለች።

አነጋገሯ አሳቀኝ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። በእውነቱ ይህ የልጅ ነቀፌታ ለቴምብር ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚገባ ጥያቄ ነው። ቴምብር ለብቻው ምንድር ነው? ሒሳብ የተከፈለበት ደረሰኝ ነው። ነፍስ የሚዘራበት የተለጠፈበት ኤንቨሎፕ፥ የታተመበት ቀን፥ የተጻፈለት ሰው ስም፥ በውስጡም ያለው ቃል ነው። በዓለም ላይ ስለ ታወቁት ቴምብሮች ያነበብሁትን ሳስታውስ ይህ ነገር ይበልጥ ተገለጠልኝ።

ለምሳሌ የሞሪሸስን ቴምብሮች እንውሰድ። በ1847 ያቺ ደሴት ያወጣቻቸው የአንድ ፔኒና የሁለት ፔኒ ቴምብሮች እጅግ ጥቂት ናቸው። ሁለቱም በአንድነት ተለጥፈውበት በፈረንሳይ አገር ቦርዶ ለሚገኝ የወይን ጠጅ ነጋዴ የተላከ አንድ ደብዳቤ ግን በ1993 በዙሪክ ከተማ ከ5 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ያን ያህል የሚያስመካው ቴምብሮቹ እንደ ተላኩ ሆነው፥ ከነመንገዳቸው፥ መቅረታቸው ነው። በዚህ አንጻር ደግሞ በዋጋ የበለጠው፥ ብሪቲሽ ጊያና በ1856 ያወጣችው የአንድ ሳንቲም ቴምብር አለ። በ1873 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከዘመዶቹ አሮጌ ወረቀት ውስጥ አግኝቶ በ6 ሽልንግ ሸጠው፤ በ2014 በኒውዮርክ በ9 ሚሊዮን 480 ሺህ ዶላር ተሸጠ። በዓለም ላይ ሌላ የታወቀ መሰል የለውም። ነገር ግን ማዕዘኖቹ ተቈርጠው ከተለጠፈበት ወረቀት ተለይቶ የቀረ ስለ ሆነ፥ ያን ቴምብር የለጠፈው ሰው ለማን ምን እንደ ላከ የሚናገር ነገር በላዩ የለም።

ሦስተኛውን ምሳሌ ደግሞ አልተወውም። በ1910 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ አዲስ ሐምራዊ ቴምብር ታትሞ ሊወጣ ሲል ንጉሡ በሜይ 6 ቀን ስለ ሞቱ፥ የታተመው ሁሉ ከጥቂቱ በቀር እንዲጠፋ ተደረገ። በደብዳቤ ላይ ያገለገለ አንድ ብቻ ይታወቃል፤ እርሱም በሜይ 5 ቀን ለአልጋ ወራሹ የተላከ ነው። አልጋ ወራሹ ቴምብር መሰብሰብ የሚወዱ ነበሩና ደስ ይበላቸው ተብሎ የተላከላቸው ይሆናል። ያ ኤንቨሎፕ በደረሰበት ቀን አባታቸው ሞተው እርሳቸው ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ሆኑ። ቴምብሩ ተልጦ በአልበም ቢለጠፍ ኖሮ የሚያምር ሐምራዊ ወረቀት ነበር፤ ከነኤንቨሎፑ ግን የአንድ አባትና የአንድ ልጅ የመጨረሻ ቀን ነው።

ከሎንዶን ወደ ባዝ በሄድሁ ጊዜ ይኸው ነገር እንደ ገና ገጠመኝ። ባዝ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የተቀመጡባት፥ ፌርፊልድ የተባለውን ቤታቸውንም በ1958 ለከተማው የሰጡባት ስለ ሆነች ለእኛ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የመጀመሪያው ቴምብር በሜይ 6 ቀን ሥራ ይጀምር ተብሎ ሳለ፥ ከባዝ ግን በሜይ 2 ቀን፥ ከአራት ቀን በፊት ማለት ነው፥ የተላከ ደብዳቤ ተገኝቷል። ይህ የሚታወቀው በኤንቨሎፑ ላይ ባለው የቀን ማኅተም ብቻ ነው። እኔም ከዚያች ከተማ ለወንድሜ ልጅ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ «ይድረስ ለተወደድሽው» ብዬ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ጀምሬ፥ እንደ ምን ሰነበትሽ፥ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ብዬ። አባትዋ እንደ ነገረኝ፥ ደብዳቤው ሲደርሳት ቴምብሩ እንዳይጐዳ ብላ ኤንቨሎፑን በጎኑ በመቀስ ከፈተችው፤ ከተነበበም በኋላ መልሳ አስገብታ በትራስዋ ሥር አኖረችው።

በቤተ መዘክሩ ሳለን «የእኛስ አገር ቴምብር መቼ ነው የተጀመረ?» ብላኝ ነበርና፥ ለእርስዋ የነገርኋትን ለአንባቢዎቻችንም ልናገር። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ፖስታ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች የቀረጸው ኤውዤን ሙሾን የተባለ ስመ ጥር ፈረንሳዊ ሲሆን፥ የታተሙትም በፓሪስ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ የሩብ፥ የግማሽ፥ የአንድና የሁለት ግርሽ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፥ የአራት፥ የስምንትና የዐሥራ ስድስት ግርሾቹ ግን አንበሳውን ያሳያሉ። ጽሕፈታቸው በእኛ ፊደል ብቻ ነበረ። ቈይቶ በላያቸው የተጨመረውን ማኅተም የተመለከተ ሰው ደግሞ ደስ የሚል ነገር ያገኛል፤ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የኢትዮጵያ ስም፥ ቀጥሎ «ቦስታ» የሚል፥ ከዚያም «መልእክት» የሚል ታትሞባቸዋል። አዲሱን ሥራ በባዕድ ቃል እንጥራው ወይስ በራሳችን የሚለው ክርክር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ «ፖስታ ቤት» ስንል በየቀኑ እንመሰክራለን፤ «ቴምብር» የሚለውም ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

አሁን ግን ልብ የሚባለው ነገር ይህ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም የፖስታ ማኅበር የገባችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የራሳችን ቴምብር ከአገር ወሰን ማዶ ስለማይሠራ፥ ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ወደ ኤውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ቴምብር እስከ ጠረፍ ይደርስና፥ ከጅቡቲ ወዲያ ለሚሄድበት ደግሞ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉበት ኤንቨሎፕ፥ በራሷ ፈቃድ የምትኖር አንዲት መንግሥት ከባሕር ወዲያ ለመናገር የማንን በር ማንኳኳት እንደ ነበረባት በግልጥ ያሳያል። ቴምብሩን በሞቀ ውኃ ነክሮ ያነሣ ሰው ሁለት ቆንጆ ወረቀቶች ያገኛል፤ ያን ታሪክ ግን ከውኃው ጋራ ደፋው።

በእኛ አገር ደግሞ ኤንቨሎፕ ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ ይናገራል። ፖስተኛ በየቤቱ እየዞረ ስለማያድል፥ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቍጥር፥ ወይም በመሥሪያ ቤት፥ ወይም «በአቶ እገሌ በኩል» ነው። ስለዚህ በአሮጌ ኤንቨሎፕ ላይ ቤተሰቡ በዚያ ዘመን ያምነው የነበረው ሰው ስም ይገኛል፤ የትኛው ነጋዴ፥ የትኛው ጸሐፊ፥ የትኛው መምህር የቤቱን ምስጢር በእጁ ያሳልፍ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከማዕርግ ስም አጻጻፉም ተቀባዩ በዚያ ዓመት ምን ሹመት ላይ እንደ ነበሩ ይነበባል። አያቶቻችን ያልነገሩን ብዙ ነገር በዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በቅርብ በማውቀው አንድ ቤተሰብ የሆነውን ላውጋ። አንዲት ወይዘሮ ልጃቸው ለትምህርት ወደ ኤውሮፓ ሄዶ ለብዙ ዓመታት የጻፈላቸውን ደብዳቤ ሁሉ በሙዳይ ውስጥ አኑረው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ የንስሐ አባታቸው ናቸው የሚያነቡላቸው፤ ነገር ግን የትኛው ደብዳቤ መቼ እንደ መጣ በቴምብሩ ሥዕል ለይተው ያውቁ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ሲጸዳ የልጅ ልጆቻቸው ቴምብሩን እየቈረጡ በደብተር ለጠፉ፤ ደብዳቤውን ከአሮጌ ወረቀት ጋራ አቃጠሉ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ እንዲያውም የሚያምረውን አተረፍን ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ያ ልጅ ሸምግሎ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ደብተሩን አመጡለት። ገጾቹን ገለጠና፥ «ይህን ሥዕል የመረጠልኝ ፖስታ ቤቱ ነው፤ እኔ የመረጥሁት ቃል የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት አልነበረም።

ዛሬ ልጆቻችን በባዕድ አገር ሳሉ በቴሌፎን ፊት ለፊት እያየናቸው እንነጋገራለን፤ ይህን የሚንቅ ሰው ምስጋና ቢስ ነው። በሎንዶን ያለው ወንድሜም ለእናታችን በየሰንበቱ ይደውላል። ነገር ግን የቴሌፎን ቃል ከተነገረ በኋላ በሙዳይ ውስጥ አይቀመጥምና፥ በየቤታችን ያለው አሮጌ ደብዳቤ በቍጥር የተወሰነ ነው፤ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ስለዚህ በሣጥን፥ በሙዳይ ወይም በአልጋ ሥር ደብዳቤ ያለው ቤተሰብ ምን ያድርግ የሚል ቢኖር፥ ከሁሉ በፊት መቀሱን ያርቅ። ቴምብሩ ከኤንቨሎፑ፥ ኤንቨሎፑም ከደብዳቤው አይለይ። ያረጀውን ወረቀት ለማጠንከር ብሎ በሚያጣብቅ ፕላስቲክ መለጠፍ ወይም በላስቲክ ማሸግ ወረቀቱን ያበላሸዋልና አይደረግ፤ የዛገ ስፒል ካለበት ግን ቀስ ብሎ ማውጣት ይገባል። ማኖሪያው ከፀሐይ፥ ከጢስና ከርጥበት የራቀ ይሁን፤ ምድጃ ባለበት ክፍል ግድግዳ አይሰቀል። በቴሌፎን ፎቶግራፍ ማንሣት መልካም ነው፤ ሲነሣም የኤንቨሎፑ ፊትና ጀርባ አይረሳ። ከዚህ በኋላ ጽሕፈቱ የማን እጅ እንደ ሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አቅርቦ መጠየቅ፥ የሚነግሩትንም ስምና ዘመን በሌላ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ከደብዳቤው ጋራ ማኖር ነው። ለአንድ ቤት ሁለት ሦስት የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ዓይናቸው ለደከመም ልጆች ጮኽ ብለው ያንብቡላቸው፤ የድሮውን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ቢያስቸግራቸው መካከሉን ራሳቸው ሽማግሌዎቹ በቃል ይሞሉላቸዋል።